ካሜራችሁን አትሽጡ፦ ስለ ሌሊት ሰማይ ፎቶና ስለ ኖይዝ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስድስት ሰው ተልኮልኛል። የላኩልኝ ሁሉም ጅማ ውስጥ ካሜራ የሚነካኩ ወጣቶች ናቸው። ጽሑፉ የሌሊት ሰማይ ማንሳት ለሚጀምሩ ሰዎች የተሰጠ ምክር ነው። ፎቶው ላይ የሚበተነውን አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ፣ ማለትም ኖይዝ የምንለውን፣ እንዴት መቀነስ እንደሚቻል ያስረዳል። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ መጻፉ ራሱ ደስ ይላል። ጸሐፊው ለጀማሪ አስበው እንደጻፉትም ያስታውቃል። ምክራቸው ግን በአብዛኛው ስህተት ነው፤ ስህተቱ ደግሞ ሰው እየጎዳ ነው።

ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ፎቶ ከማስተምራቸው ልጆች የአንዷ መልእክት ነው። ጽሑፉን አንብባ፣ እንደተባለችው አድርጋ ሦስት ሌሊት ሰማይ አንስታለች። ፎቶዎቹ ጥቁር ሆነው ወጡ። በኮምፒውተር ስታበራቸው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር መስመር መስመር ሠራባቸው፤ ቀለማቸውም ወደ ወይን ጠጅ አደላ። «ጋሼ፣ ካሜራዬ ሳይበላሽ አልቀረም። ሽጬው ስልክ ልግዛበት?» ብላ ጻፈችልኝ። ካሜራዋ ካኖን 600ዲ ነው። ምንም አልሆነም።

መጀመሪያ ጽሑፉ ያለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ዋና ነጥቦቹ አምስት ናቸው። ኖይዝን የሚፈጥረው አይኤስኦ (ካሜራው የተቀበለውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነው ቁጥር) ስለሆነ ከ400 አታሳልፉ፤ ፎቶው ቢጨልምም በኋላ በኮምፒውተር ታበሩታላችሁ ይላል። ፉል ፍሬም ካሜራ፣ ማለትም ብርሃን መቀበያ ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ ውድ ካሜራ፣ የሌለው ሰው ሰማይ ለማንሳት ባይደክም ይሻለዋል ይላል። የአንድን ሰማይ ብዙ ፎቶ አንስቶ በኮምፒውተር አንድ ላይ መደራረብ እንደ እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ (የኮከብ መመልከቻ) ያለ ተቋም ሥራ ነው፤ ለጀማሪ አንድ ፎቶና ኖይዝ የሚያጠፋ የኤአይ መተግበሪያ ይበቃዋል ይላል። እንደ ጅማ ያለ ዝናባማና እርጥብ አገር ለዚህ ሥራ ስለማይሆን ገንዘብ አጠራቅማችሁ ደናክል ሂዱ ይላል። በመጨረሻም ካሜራው ውስጥ ያለውን የረጅም ኤክስፖዠር (ብርሃን ለብዙ ሰከንድ የሚገባበት ፎቶ) ኖይዝ መቀነሻ ምንጊዜም አብሩት ይላል።

የምስማማበትም አለ። በጄፔግ (በተጨመቀው የተለመደ የፎቶ ፋይል) ፋንታ በሮው (ካሜራው የተቀበለውን እንዳለ በሚያስቀምጥበት ፋይል) አንሱ ማለታቸው ትክክል ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ይይዛል፤ የ600ዲ ሮው ግን 16,384 ደረጃ አለው። ሰማይ ላይ የምንፈልገው ነገር ሁሉ ያለው ጨለማው አካባቢ ስለሆነ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ምረጡ፣ ካሜራው ንቅንቅ አይበል ያሉትም ልክ ነው።

አሁን ወደ አይኤስኦው ልምጣ። ረዘም አድርጌ የማወራው ስለ እሱ ነው፤ ሌሎቹ ስህተቶች በብዛት ከዚህ ነው የተወለዱት።

ጅማ የሚኖር ሰው ዝናብ ያውቃል። ካፊያ ሊጀምር ሲል አራት ሲኒ በረከቦት ደርድራችሁ ግቢ አውጡ። ሩብ ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱት። አንዱ ሲኒ ውስጥ ሦስት ጠብታ ታገኛላችሁ፣ አንዱ ውስጥ ሰባት፣ ሌላው ደግሞ ባዶ ይሆናል። ዝናቡ ግን ለአራቱም እኩል ነው የወረደው። ሲኒዎቹን ዝናቡ ከጠነከረ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ብትተዋቸው ውሃቸው እኩል ይመስላል። ልዩነት ጠፍቶ አይደለም፤ ከተጠራቀመው ውሃ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ነው።

ብርሃንም የሚወርደው በጠብታ ነው። ጠብታው ፎቶን ይባላል። የካሜራው ሴንሰር ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ሲኒዎች የተደረደሩበት ሰሌዳ ነው፤ 600ዲ ላይ 18 ሚሊዮን ናቸው። ሰማዩ ጨለማ ሲሆን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጠብታ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲኒዎች እኩል መሆን ሲገባቸው አንዱ ይበዛል፣ አንዱ ያንሳል። ያ ልዩነት ነው ዓይናችን ላይ አሸዋ መስሎ የሚታየን።

ስሌቱም ቀላል ነው። በአማካይ 100 ፎቶን የሚደርሰው ነጥብ በ10 ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል። 400 ከደረሰው ደግሞ በ20 ገደማ። ብርሃኑ በአራት እጥፍ ሲጨምር ከፍ ዝቅ ማለቱ የጨመረው በሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ፎቶው በሁለት እጥፍ ይጠራል። ብርሃን መሰብሰብ ኖይዝን የሚያሸንፈው በዚህ መንገድ ነው።

አይኤስኦ ታዲያ የት ገባ? ሲኒው ውስጥ አንዲት ጠብታ አይጨምርም፣ አንዲትም አይቀንስም። እሱ የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ነው። ጣቢያው ርቆ ደከም ብሎ ሲመጣ ድምፁን ብትጨምሩ ሹሹታው አብሮ ይጎላል። ሹሹታውን ያመጣው ግን ድምፅ መጨመሪያው አይደለም፤ የጣቢያው መድከም ነው።

ማመን የፈለገ ሰው ዛሬ ማታ ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ካሜራውን በደንብ አስቀምጡ። አፐርቸሩንም (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) ሰከንዱንም (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ሳትነኩ አንድ ፎቶ በአይኤስኦ 400፣ አንድ ፎቶ በ3200 አንሱ። ከዚያ የ400ውን በኮምፒውተር ስምንት እጥፍ አብሩትና እኩል አድርጓቸው። ሁለቱንም በሙሉ መጠን ከፍታችሁ ጨለማው ቦታ ላይ ጎን ለጎን እዩአቸው። የጽሑፉ ሐሳብ ልክ ቢሆን ኖሮ የ400ው ይጠራ ነበር። 600ዲ ላይ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የ400ው የባሰ ይሆናል፤ መስመሩም የሚወጣው እሱ ላይ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከሲኒው የተሰበሰበው ብርሃን ወደ ቁጥር ሲለወጥ የካሜራው ኤሌክትሮኒክስ የራሱን ሹሹታ ይጨምርበታል። አይኤስኦውን ከፍ ስታደርጉ ካሜራው ምልክቱን የሚያጎላው ይህ ሹሹታ ከመግባቱ በፊት ነው። ዝቅ አድርጋችሁ አንስታችሁ በኋላ በኮምፒውተር ስታበሩት ግን የሰማዩን ብርሃንና የኤሌክትሮኒክሱን ሹሹታ አንድ ላይ ነው የምታጎሉት። ተማሪዬ ያየችው መስመር ይሄው ነው። በአዳዲስ ካሜራዎች፣ በተለይ ሶኒ በሠራቸው ሴንሰሮች ላይ፣ ኤሌክትሮኒክሱ ጸጥ ያለ ስለሆነ ሁለቱ ፎቶዎች ተቀራራቢ ይሆናሉ። ያም ቢሆን ጽሑፉን አያግዘውም። አይኤስኦ የኖይዝ ምንጭ ቢሆን ኖሮ በየትኛውም ካሜራ ላይ ሊቀራረቡ አይችሉም ነበር።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ልሁን። ይህ እምነት የመጣው ከባዶ አይደለም። ቀን ላይ ካሜራው ኦቶ ላይ ሆኖ አይኤስኦውን ከፍ ስታደርጉ ካሜራው በምላሹ ሰከንዱን ያሳጥራል ወይም አፐርቸሩን ይዘጋል። ያኔ የገባው ብርሃን በእርግጥ ይቀንሳል፣ ኖይዝም ይመጣል። ጥፋተኛ መስሎ የሚታየው አይኤስኦ ነው፤ ብርሃኑን የቀነሰው ግን ሰከንዱ ወይም አፐርቸሩ ነው። ሌላም የምቀበለው አለ። አይኤስኦ በጣም ሲበዛ ደማቅ ኮከቦች ቀለማቸውን አጥተው ነጭ ነጥብ ብቻ ይሆናሉ። 600ዲ ላይ 12,800 የሚባለው ቁጥር ደግሞ ከ6400 በኋላ በስሌት የተጨመረ ስለሆነ ምንም አይጠቅምም። ስለዚህ እስከ ጣሪያው ውጡ አልልም። ለእንዲህ ያለ ካሜራ 1600 ጥሩ መነሻ ነው፤ ሰማዩ በጣም ከጨለመ 3200። ካነሳችሁ በኋላ ሂስቶግራሙን፣ ማለትም ካሜራው የፎቶውን ብርሃን ከጨለማ (ግራ) እስከ ደማቅ (ቀኝ) በጉብታ የሚያሳይበትን ሥዕል፣ እዩ። ጉብታው ከግራው ግድግዳ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ከታየ በቂ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ፉል ፍሬም ነው። ይህ ነው ልጆቻችንን ተስፋ የሚያስቆርጠው። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ትዝ ይለኛል። ሌሊት ሰማይ ላይ እንደ ነጭ መንገድ የሚዘረጋው የኮከቦች ጭፍራ፣ ሚልኪ ዌይ፣ በእኛ ፍኖተ ሐሊብ ይባላል፤ ትርጉሙም የወተት መንገድ ነው። ሰማይ ላይ ያለችውን ላም ለማየት መጀመሪያ የማትገዙትን ካሜራ ግዙ ሲባል ሰው ከነጭራሹ ይተወዋል።

ፉል ፍሬም እንደሚሻል አልክድም። ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። የ600ዲ ደግሞ 22.3 በ14.9። በስፋት ሲሰላ ፉል ፍሬሙ 2.6 እጥፍ ነው። አንድ ዓይነት የሰማይ ክፍል፣ በእኩል የአፐርቸር ቁጥርና በእኩል ሰከንድ ቢያነሱ ትልቁ 2.6 እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ከዚህ አይበልጥም። ታዲያ በ600ዲ አንድ ፎቶ በማንሳት ፋንታ አራት አንስታችሁ ብትደራርቡ የሰበሰባችሁት ብርሃን አራት እጥፍ ሆነ። አራት ከ2.6 ይበልጣል። በአንድ ደቂቃ ትዕግሥት ያ ውድ ካሜራ በአንድ ፎቶ የሚሰበስበውን አለፋችሁት።

ከካሜራው ይልቅ ሌንሱ ነው ዋናው። ከካሜራው ጋር የሚመጣው ኪት ሌንስ 18 ሚሊ ሜትር ላይ በኤፍ 3.5 (ኤፍ የአፐርቸሩ ቁጥር ነው፤ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ሲከፈት ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሠርግ የሚያነሱ ልጆች ሁሉ ቦርሳቸው ውስጥ ያለችው የ50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ግን ቀዳዳዋ ወደ 28 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ከአንድ ኮከብ በሰከንድ የምትቀበለው ብርሃን 29 እጥፍ ገደማ ነው። ጉድለት አላት። የምታየው የሰማይ ክፍል ጠባብ ነው፤ እስከ መጨረሻ ስትከፈት ደግሞ ጥግ ላይ ያሉ ኮከቦች ክንፍ ያወጣሉ። ኤፍ 2.8 ላይ ስትደረግ ይስተካከላል።

ሰከንዱንም የሚወስነው ሌንሱ ነው። መሬት ስለምትዞር ኮከቦቹ ካሜራው ላይ ይሄዳሉ። 500ን በሌንሱ ርዝመትና በሴንሰሩ ማባዣ (ፉል ፍሬም ሴንሰሩን በስንት እጥፍ እንደሚረዝመው፣ እዚህ ላይ 1.6) ብዜት ስታካፍሉ የምታገኙት ሰከንድ ጣሪያው ነው። ለ18 ሚሊ ሜትር 17 ሰከንድ፣ ለ50 ሚሊ ሜትር 6 ሰከንድ ይመጣል። እኔ ከዚያም ዝቅ አደርጋለሁ፤ 15 እና 5። ኦሪዮን የተባለው የኮከቦች ስብስብ ያለበት የሰማይ መካከለኛ መስመር ላይ ኮከቦች ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ይፈጥናሉና። ስለ ፎከስ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ጽሑፉ ሳይነካው ስላለፈ። ፎከሱ ትንሽ ከሳተ የኮከቡ ብርሃን በብዙ ሲኒዎች ላይ ይበተንና ኖይዙ ውስጥ ይሰጥማል። ካሜራውን ላይቭ ቪው (ሌንሱ የሚያየው በስክሪኑ የሚታይበት) ላይ አድርጋችሁ፣ ሲሪየስን፣ የሌሊት ሰማይ ደማቁን ኮከብ፣ 10 ጊዜ አጉልታችሁ፣ ነጥቡ የመጨረሻ ትንሽ እስኪሆን ድረስ ሌንሱን በእጃችሁ አዙሩ።

ወደ መደራረቡ። ጽሑፉ የተቋም ሥራ ነው ያለውን ነገር እኔ እዚሁ ጅማ፣ ጅሬን ዳገት ላይ፣ በበርጩማ ሠርቼዋለሁ። ጥር ውስጥ ነው። ከዚያችው ተማሪዬና ከወንድሟ ጋር የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አልፈን፣ ከተማዋን ጀርባችን ላይ አድርገን ቆምን። ትራይፖድ አልነበረንም። ሦስት እግር ያለው የጅማ በርጩማ አስቀመጥን፤ ባለ ሦስት እግር ነገር ምንም ያህል መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆን አይናወጥም። በላዩ ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) የተሞላች ትንሽ ከረጢት አደረግን። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ኦሪዮን ከሞላ ጎደል አናታችን ላይ ነበር። ስለዚህ ካሜራውን በጀርባው ከረጢቱ ላይ አጋደምነው። ጀንፈሉ ሸሸት እያለ ራሱ ካሜራውን አቀፈው። 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2.8፣ 5 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 1600። ልጅቷ ሸተሩን ስትጫን ካሜራው እንዳይነቃነቅ የሁለት ሰከንድ ቆጣሪውን አበራን። 64 ፎቶ አነሳች። የተሰበሰበው ብርሃን በጠቅላላው 5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው።

ቤት ገብተን አንዱን ፎቶ ብቻ ከፈትን። ከኦሪዮን ቀበቶ በታች፣ ሰይፉ መሃል፣ የደበዘዘ ነገር አለ፤ ዙሪያው ቀይና አረንጓዴ አሸዋ ነው። ከዚያ 64ቱን ሲኩዌተር ለሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሰጠነው። ላፕቶፑ አሮጌ ስለሆነ ጊዜ ወሰደበት። ሲጨርስ አሸዋው ረግቶ ነበር። ያ የደበዘዘው ነገር ክንፍ የዘረጋ ሮዝ ጭጋግ ሆነ። የኦሪዮን ኔቡላ ነው፤ በኮከቦች መካከል ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና። ልጅቷ ምንም አልተናገረችም፤ ስክሪኑን በጣቷ ነካችው። ለሽያጭ ልታቀርበው የነበረው ካሜራ ነው ይህን ያነሳው።

ለምን እንደሚሠራ ለማስረዳት ከባድ ሒሳብ አያስፈልግም። አንድን ወሬ ከ16 ሰው ብትሰሙ፣ እያንዳንዱ የራሱን ይጨምርበታል። ሁሉም የሚስማሙበት ነገር ግን እውነት የሆነው ነው። ኮከቡ በሁሉም ፎቶ ላይ በቦታው አለ። ኖይዙ ግን በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ሌላ ቦታ ነው። ፕሮግራሙ ኮከቦቹን አገጣጥሞ አማካዩን ሲወስድ ኮከቡ ይቀራል፣ ኖይዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። 4 ፎቶ ሁለት እጥፍ ያጠራል፣ 16 ፎቶ አራት እጥፍ፣ 64 ፎቶ ስምንት እጥፍ። ከሲኩዌተር ሌላ ዲፕስካይስታከርና ሲሪል አሉ፤ ሦስቱም በነጻ ይወርዳሉ። አስቸጋሪው ነገር ዛፍ ወይም ተራራ ፎቶው ውስጥ ሲኖር ነው። ኮከቦቹ ሲገጣጠሙ መሬቱ ይደበዝዛል። ሲኩዌተር መሬቱን ለይቶ የሚያቆምበት ምርጫ አለው፤ ያም ቢሆን ቅጠል ላይ ይሳሳታል። ጀማሪ መጀመሪያ ሰማዩን ብቻ ቢያነሳ ይቀለዋል።

እንጦጦን በተመለከተ፣ እዚያ ያሉት ሁለት ቴሌስኮፖች መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር ስፋት አለው። እኛ የምንሠራው እንደዚያ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ግን ፎቶ መደራረብ የቴሌስኮፕ ባለቤት መሆን አይጠይቅም። ጸሐፊው ራሳቸው የሚያወድሱት የስልክ ናይት ሞድ (ጨለማ ውስጥ ማንሻው) የሚሠራው እኮ በመደራረብ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2019 ፒክስል 4 ላይ ያወጣው የኮከብ ማንሻ እያንዳንዳቸው እስከ 16 ሰከንድ የሚቆዩ እስከ 15 ፎቶዎች አንስቶ ነው አንድ የሚያደርጋቸው። በስልክ ውስጥ ሲሆን ለጀማሪ ይመከራል፣ በካሜራ ሲሆን ለጀማሪ አይሆንም የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

የኤአይ መተግበሪያዎቹንም አልጠላም። እኔም የተደራረበው ፎቶ ላይ፣ በመጨረሻ፣ በስሱ እጠቀማቸዋለሁ። ጥያቄው ምን ይዘው ነው የሚነሱት ነው። አንድ የጨለመ ፎቶ ውስጥ ደካማ ኮከብና ኖይዝ ሁለቱም ትንሽ ነጥብ ናቸው። መተግበሪያው ኮከቡን ኖይዝ ነው ብሎ ይሰርዘዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ኖይዙን ኮከብ ያደርገዋል። ፎቶው ለስለስ ብሎ ያምራል፤ ያ ሰማይ ግን ጅማ ላይ የነበረው ሰማይ አይደለም። መደራረብ ምንም አይፈጥርም። የነበረውን ብቻ ነው የሚያወጣው።

አራተኛው፣ ጅማ አይሆንም የሚለው፣ እንደ አገሬው ሰው ስሜቴን ነክቶታል። ሐቁን ግን በስሜት አልመልስም። ዝናባችን ረጅም ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማይ ለማንሳት ማሰብ ከንቱ ነው። ጤዛውም ከባድ ነው። ያን ሌሊት 5 ሰዓት አካባቢ ሌንሱ ላይ ጤዛ አርፎ ኮከቦቹ ማበጥ ጀምረው ነበር። ያረጀ ሹራብ እጅጌ ቆርጠን አጠለቅንለት። ሌንሱ ቶሎ እንዳይቀዘቅዝ ስለሚያደርገው ጤዛው ዘገየልን። ረግረጋማው ቦዬ አካባቢ ደግሞ ጉም ስለሚተኛ ከፍ ወዳለ ቦታ መውጣት ይሻላል።

ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ግን ሰማያችን ይከፈታል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ያን ያህል አየር ከታች ቀርቷል ማለት ነው። ከምድር ወገብ ወደ 8 ዲግሪ ብቻ ስለምንርቅ ሁለቱም የሰማይ ንፍቆች ይታዩናል። የፍኖተ ሐሊብ መሃል፣ ያ በጣም የሚደምቀው ክፍል፣ ጅማ ላይ እስከ 53 ዲግሪ ከፍ ይላል። ለንደን ላይ 10 ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ ከአድማስ ላይ ባለው ወፍራም አየር ውስጥ ተዘፍቆ ነው የሚያልፈው። በየካቲት መጨረሻ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ብታዩ በደንብ ወጥቶ ታገኙታላችሁ።

ወደ ኖይዝ ስንመለስ ደግሞ ደናክል የራሱ ችግር አለበት። በጣም ጨለማና ደረቅ መሆኑን እቀበላለሁ፤ የቻለ ሰው ቢሄድ አይቆጭም። ነገር ግን ሴንሰር ሲሞቅ ብርሃን ሳይነካው ራሱ የውሸት ምልክት ያመነጫል። ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር ይህ ምልክት እጥፍ ይሆናል። ደናክል ውስጥ ያለው ዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተለካው መሠረት የዓመት አማካይ ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ነው። ጅማ ላይ በታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። አንዱ ሌሊት 12፣ ሌላው 30 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 18 ነው። ሦስት ጊዜ እጥፍ ሲደረግ ስምንት እጥፍ ይመጣል። ስለ ኖይዝ የሚጨነቅ ሰው የጅማን ብርድ ሊወደው ይገባል።

የከተማ መብራት ግን የእውነት ጠላት ነው፤ ጽሑፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፈው። የመንገድ መብራት ሰማዩን ሲያበራው ያ ብርሃንም በጠብታ ነው የሚገባው፣ የራሱን ከፍ ዝቅ ማለት ይዞ። በኮምፒውተር ቢጫውን ቀለም ልትቀንሱት ትችላላችሁ፤ ይዞት የመጣውን ኖይዝ ግን አትቀንሱትም። ስለዚህ እዚህ ጅማ ከፈረንጅ አራዳ ሰፈር ሰገነት 64 ፎቶ ከማንሳት ከከተማው በሰቃ መንገድ ወጣ ብሎ 16 ማንሳት ሊሻል ይችላል። ሰፈሩ ሁሉ መብራት በጠፋበት ሌሊት ደግሞ ከግቢያችሁም ይሆናል። ባትሪያችሁን ቀን ላይ ሞልታችሁ አስቀምጡ።

የቀረው የካሜራው ኖይዝ መቀነሻ ነው። እሱ የሚሠራው እንዲህ ነው። 15 ሰከንድ ካነሳችሁ በኋላ ካሜራው ሸተሩን ዘግቶ ሌላ 15 ሰከንድ ጥቁር ፎቶ ያነሳል። ሙቀት የፈጠራቸውን ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች ከጥቁሩ ፎቶ አይቶ ከመጀመሪያው ይቀንሳቸዋል። አንድ ፎቶ ብቻ የምታነሱ ከሆነ፣ በተለይ ሌሊቱ ሞቃት ከሆነ፣ አብሩት፤ በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። «ምንጊዜም» የሚለው ቃል ነው የማያስማማን። ለመደራረብ ስታነሱ ግማሹ ሌሊት ጥቁር ፎቶ በማንሳት ያልፋል። የኮከብ ዱካ፣ ማለትም ኮከቦች ሲሄዱ ፎቶው ላይ የሚሠሩትን መስመር፣ ስታነሱ መስመሩ ይቆራረጣል። ያ አንድ ጥቁር ፎቶ ደግሞ ራሱ ኖይዝ አለበት፤ ሲቀነስ የራሱን ኖይዝ ትቶ ይሄዳል። የብዙ ጥቁር ፎቶዎች አማካይ ሲሆን ግን ያ ኖይዝ በጣም ያንሳል።

ስለዚህ እኛ መቀነሻውን አጥፍተን፣ ጥቁሮቹን መጨረሻ ላይ ለብቻ ነው የምናነሳቸው። ሰከንዱም አይኤስኦውም እንደነበረ ይቀመጣል፤ ሌንሱ ላይ ክዳን ብቻ ይደረጋል። ካሜራው እንደ ሰማዩ ፎቶዎች መቀዝቀዝ ስላለበት ቦርሳ ውስጥ አይገባም፣ መኪና ውስጥም አይገባም። ያን ሌሊት ጅሬን ላይ ልጅቷ ክዳኑን ገጠመችና በርጩማው ላይ እንዳለ ተወችው። ወንድሟ ከፔርሙዙ ቡና ቀዳልን። ካሜራው በጨለማው ውስጥ በየ5 ሰከንዱ ቀጭ ይላል። ቡናው ሳያልቅ 20ውን ጨረሰ።